ትንሽ የኩላሊት ዕጢ ሲገኝ፦ መከታተል፣ በመርፌ ማጥፋት ወይስ ቀዶ ሕክምና?

ታላቅ እህቴ አልትራሳውንድ የታየችው ለሐሞት ጠጠር ነበር። ሐሞቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መሣሪያውን ወደ ቀኝ ጎኗ ሲያንሸራትቱ ግን ዝም አሉ። ምስሉን አቆሙት፣ አጎሉት፣ ከአንዲት ክብ ግራጫ ነገር ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ አስቀምጠው በመካከላቸው መስመር ሳቡ። የወጣው ወረቀት «በቀኝ ኩላሊት የታችኛው ጫፍ፣ 2.3 ሴንቲ ሜትር ጠጣር ዕጢ» ይላል። ከሳምንት በኋላ ያገኘናቸው ቀዶ ሐኪም ኩላሊቱ በሙሉ መውጣት እንዳለበት ነግረው ቀን እንድንቆርጥ ጠየቁን። ሌላ ምርጫ ስለመኖሩ ያነሡት ነገር የለም። እኛም አልጠየቅንም፤ «ዕጢ» የሚለው ቃል አፋችንን ዘግቶት ነበር።

ይህን የምጽፈው ያን የመሰለ ወረቀት ዛሬ በእጁ ለያዘ ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከሦስት ሐኪሞች ጋር ተቀምጠን፣ ያነበብነውን አንብበን፣ የተረዳነው አንድ ነገር አለ፦ ምርጫው ስለ ዕጢው ብቻ አይደለም። ዕጢውን የተሸከመው ኩላሊት፣ ማዶ ያለው ሁለተኛው ኩላሊትና የሰውየው አጠቃላይ ጤና አብረው ካልተመዘኑ ውሳኔው ጎዶሎ ነው።

በመጀመሪያ ግን ትንፋሽ ይውሰዱ። በሕክምናው አነጋገር «ትንሽ» የሚባለው 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ዕጢ ነው፤ ኩላሊት ራሱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያሉ ዕጢዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት ለሌላ ሕመም በተነሣ ምስል ላይ በአጋጣሚ ነው። በመጻሕፍት የምናውቃቸው ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የጎን ሕመምና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፣ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ዕጢው ካደገ በኋላ ነው። ትንንሾቹ በአማካይ የሚያድጉት በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሐኪም ለማማከርና የጎደለ ምርመራ ለማሟላት ጥቂት ሳምንታት መውሰድ ጥፋት አይደለም። እኔ እንደማምነው የመጀመሪያው ትልቁ ስሕተት በድንጋጤ ቀን መቁረጥ ነው።

ዕጢው ራሱ ምንድን ነው?

ኩላሊት ላይ የታየ ነገር ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቀጭን ግድግዳ ያለው፣ ውሃ ብቻ የያዘ ከረጢት በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎች ላይ ይገኛል፤ ምንም ሕክምና አይፈልግም። ከረጢቱ በውስጡ ግድግዳ፣ ውፍረት ወይም ጠጣር ክፍል ሲኖረው ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ሐኪሞች ይህን የሚመድቡት የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ሞርተን ቦስኒያክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣውና በ2019 በታደሰው አመዳደብ ነው። በወረቀትዎ ላይ ቦስኒያክ አንድ ወይም ሁለት ከተጻፈ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ሦስት ከሆነ ካንሰር የመሆኑ ዕድል ግማሽ በግማሽ ያህል ነው፤ አራት ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ካንሰር ነው። በሁለትና በሦስት መካከል በምስል ክትትል ብቻ የሚታይ ምድብም አለ።

ጠጣሩ ዕጢ ሌላ ነው። በቀለም መድኃኒት የታገዘ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚፈለገው ዕጢው ደም የሚያገኝ ሕያው ሥጋ መሆኑን ለመለየት ነው፤ ቀለሙ ከገባ በኋላ ከቀለመ ጠጣር ነው ማለት ነው። አልትራሳውንድ ብቻ ይዞ ለቀዶ ሕክምና መቸኮል አይገባም። 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆኑ ጠጣር ዕጢዎች መካከል ከአምስት አንዱ ያህል ካንሰር ያልሆነ ነው፤ ዕጢው ባነሰ ቁጥር ይህ ዕድል ይጨምራል። በውስጡ ስብ የሚታይበት አንጂዮማዮሊፖማ የተባለው ዕጢ በሲቲ ስካን በራሱ ሊታወቅ ይችላል። ኦንኮሳይቶማ የተባለው ግን ጉዳት የሌለው ሆኖ ሳለ በምስል ከካንሰር ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። የኩላሊት ካንሰርን የሚለይ የደም ምርመራ ደግሞ እስካሁን የለም።

ናሙና በመርፌ የመውሰድ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ይደነዝዛል፣ መርፌው በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተመራ ወደ ዕጢው ይገባል፣ ክር የመሰሉ ቁራጮች ይወጣሉ። ከሰባት አንድ ያህል ጊዜ ናሙናው መልስ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ይህ «ካንሰር የለም» ማለት አይደለም፣ ሊደገም ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈራው መርፌው ካንሰሩን እንዳይበትነው ነው። በዛሬው አሠራር፣ መርፌው በቱቦ መሰል መከላከያ ውስጥ ሲያልፍ፣ ይህ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ነው። የደም መፍሰስ ሥጋት ግን አለ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

ናሙና ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም። ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ውጤቱ ውሳኔዬን ይለውጠዋል? ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ዕጢውን ማስወጣት የሚፈልግ ጤነኛ ወጣት፣ ወይም በሌላ ከባድ ሕመም ምክንያት ምንም ሕክምና የማይደረግለት አዛውንት ከመርፌው ብዙ አያተርፍም። በመካከል ያለው ሰው ግን ያተርፋል። እህቴ በመካከል ነበረች።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ኩላሊት

የመጀመሪያው ሐኪም የእህቴን የደም ውጤት አይተው «ክሬቲኒኗ ደህና ነው» አሉን። በወረቀቱ ላይ በዴሲሊትር 1.1 ሚሊ ግራም ይላል፤ ላቦራቶሪውም ከመደበኛው ወሰን ውስጥ ጽፎታል። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ስለሆነ ግን ቁጥሩ ያለ ዕድሜና ያለ ጾታ ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታደሰው ቀመር ሲሰላ ይኸው 1.1 ለ30 ዓመት ወንድ በደቂቃ 92 ሚሊ ሊትር ያህል የማጣራት አቅም ማለት ነው። እህቴ ግን 63 ዓመቷ ነው፤ ለእሷ 56 ያህል ይሆናል። ከ60 በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ውጤት ደግሞ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። አንድ ቁጥር፣ አንዱ ሰው ጤነኛ፣ ሌላዋ ታማሚ። የኩላሊትን በሙሉ መውጣት ሐሳብ ስንሰማ ይህን የነገረን አልነበረም።

ይህ የእህቴ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ጥናት፣ ሁለት ኩላሊት ያላቸውና ክሬቲኒናቸው መደበኛ የሆነ 662 የትንሽ ኩላሊት ዕጢ ታካሚዎች ሲታዩ 26 ከመቶው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማጣራት አቅማቸው ከ60 በታች ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከ60 በላይ እንደሆኑ የመቆየት ዕድላቸው ዕጢው ብቻ ለወጣላቸው 80 ከመቶ፣ ኩላሊቱ በሙሉ ለወጣላቸው ደግሞ 35 ከመቶ ሆነ። ስለዚህ ከማንኛውም ውሳኔ በፊት የማጣራት አቅምዎ ተሰልቶ በቁጥር ይነገርዎት፤ በሽንት የሚወጣው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም ይመርመር። ሁለቱም ቀላል ምርመራዎች ናቸው።

«ኩላሊት የሚለግሱ ሰዎችስ በአንድ ኩላሊት ይኖሩ የለም?» ይባላል። እውነት ነው፣ ይኖራሉ። ግን ለጋሾች ተመርምረው የተመረጡ ጤነኞች ናቸው። የኩላሊት ዕጢ የሚገኝበት ሰው ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ነው፤ የደም ግፊት፣ ውፍረትና ማጨስ ራሳቸው የዕጢው መንሥኤ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

ምርጫዎቹ ጎን ለጎን

*በቅርብ መከታተል።* ይህ «ተወው» ማለት አይደለም፤ ቀጠሮና ወሰን ያለው ሕክምና ነው። የመጀመሪያው ድጋሚ ምስል ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይነሣል፤ ዕጢው ካልተለወጠ በየ6 ወይም በየ12 ወሩ ይቀጥላል። ዕጢው ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ በዓመት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲያድግ ወይም ምልክት ሲያሳይ ወደ ሕክምና ይገባል። በክትትል ላይ እያሉ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው ሰዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የ497 ሰዎች ክትትል፣ ወዲያው ከታከሙት 99 ከመቶው፣ ክትትልን ከመረጡት ደግሞ 100 ከመቶው በአምስት ዓመት ውስጥ በኩላሊት ካንሰር አልሞቱም። ከክትትሉ ወገን በሌላ ምክንያት የሞቱት ግን ይበልጡ ነበር፤ ክትትልን የመረጡት በዕድሜ የገፉና ሌላ ሕመም ያለባቸው ስለነበሩ ነው።

አንድ የተግባር ነገር ልጨምር። የምስሉን ንባብ ብቻ ሳይሆን ምስሉን ራሱን በሲዲ ተቀብለው ያስቀምጡ። ያንኑ ዕጢ ሁለት ሐኪሞች ሲለኩት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ የአንድ ዓመት ዕድገት የሚያህል ልዩነት ነው። አሮጌውና አዲሱ ምስል በአንድ ሐኪም ፊት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው «አድጓል» የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው። ዘንድሮ በአልትራሳውንድ፣ ከርሞ በሲቲ ስካን ማነጻጸርም ያሳስታል።

*በመርፌ ማጥፋት።* ቀጭን መርፌ በጀርባ ቆዳ በኩል በምስል እየተመራ ዕጢው ውስጥ ይገባል። በቅዝቃዜ ከሆነ በመርፌው ጫፍ የበረዶ ኳስ ይሠራል፤ ኳሱ በሲቲ ስካን ላይ ጥቁር ሆኖ እያደገ ስለሚታይ ሐኪሙ የዕጢውን ጠርዝ አልፎ መሄዱን በዓይናቸው ይከታተላሉ። በሙቀት ከሆነ በሬዲዮ ሞገድ ወይም በማይክሮዌቭ ይቃጠላል። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የኩላሊቱም አቅም ብዙ አይነካም።

ድክመቱን ግን አልሸፍንም። በቦታው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከቀዶ ሕክምናው ይበልጣል፤ ሊደገም ቢችልም። የሚመቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ላላለፈ፣ ወደ ኩላሊቱ ውጭ ለወጣ ዕጢ ነው። በመካከል፣ ከትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ ሲሆን የሚፈሰው ደም ሙቀቱን እየወሰደ ሥራውን ያጓድለዋል፤ ወደ ሽንት ቱቦ ወይም ወደ አንጀት ከተጠጋ ደግሞ ያቆስላል። ዕጢው ስለማይወጣ በኋላ የሚመረመር ሥጋ አይገኝም፤ ስለዚህ ናሙና አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ናሙና ሳይወስድ «እናቃጥለው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ምክንያቱን ይጠይቁ።

*ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት።* በጤነኛ ሰው ላይ ለሚገኝ ትንሽ ዕጢ የዓለም ሐኪሞች መመሪያዎች ቀዳሚ የሚያደርጉት ይህን ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ልቤ የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው። አሠራሩን ሐኪሟ በወረቀት ላይ ሥለው አስረዱን። ወደ ኩላሊቱ የሚገባው ደም ወሳጅ በማቆንጠጫ ይያዛል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራል። ኩላሊት ያለ ደም በሙቀቱ ሳለ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈው መጎዳት ይጀምራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዕጢው ከዙሪያው ቀጭን ጤነኛ ሥጋ ጋር ይቆረጣል፣ የተቆረጡት ደም ሥሮችና የሽንት መሄጃው ይሰፋሉ፣ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ማቆንጠጫው ይለቀቃል። «ያኔ የገረጣው ኩላሊት ተመልሶ ሮዝ ሲሆን ማየት ነው ደስታዬ» አሉን።

ዋጋውም አለ፦ ሙሉ ማደንዘዣ፣ የደም መፍሰስ ሥጋት፣ አንዳንዴም ከተሰፋው ቦታ የሽንት መንጠባጠብ። በትልቅ ቁስል፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወይም በሮቦት እርዳታ ሊሠራ ይችላል። ከመሣሪያው ይልቅ የሐኪሙ ልምድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። «በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምም።

*ኩላሊቱን በሙሉ ማውጣት።* ጀርመናዊው ጉስታቭ ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1869 በሃይድልበርግ የአንዲት ሴትን ኩላሊት አውጥቶ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚችል ካሳየ ወዲህ ይህ ሕክምና ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ለትልልቅ ዕጢዎች ዛሬም ዋናው መፍትሔ ነው። ለትንሽ ዕጢ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን አይገባም። ዕጢው ከኩላሊቱ መግቢያ በር ላይ ተቀምጦ ነጥሎ ማውጣት የማይቻል ከሆነና ማዶ ያለው ኩላሊት ብርቱ ከሆነ ተገቢ ነው።

ለእኔ ሐሳብ የማይመች ነገርም እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። 541 ሰዎች በዕጣ የተመደቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ የአውሮፓ ጥናት ኩላሊታቸው በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ዕድሜ አለማጠሩን አሳይቷል። እንዲያውም በ10 ዓመት 81.1 ከመቶው በሕይወት ሲኖሩ ዕጢው ብቻ ከወጣላቸው የኖሩት 75.7 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ ታካሚ ለማግኘት ተቸግሮ ቀድሞ መቆሙ ክርክር አስነሥቷል። የሆነ ሆኖ ኩላሊታቸው በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ከዚህ ቀደም በጥሩ ምክንያት ተደርጎላቸው ከሆነ ሊጸጸቱ አይገባም። የኩላሊት አቅሙ አስቀድሞ የተጎዳ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን በዚያ አማካይ ቁጥር መጽናናት የለበትም።

ቀዶ ሕክምናም መርፌም ለማይችል ሰው በጥቂት ቀጠሮዎች በጠባብ ቦታ ላይ የሚተኮር የጨረር ሕክምና በአንዳንድ ሆስፒታሎች ይሰጣል። የተለመደው የካንሰር መድኃኒት፣ ማለትም ኬሞቴራፒ፣ ለዚህ ዕጢ አይሠራም፤ የሚያቀርብልዎት ካለ ቆም ይበሉ።

ለማን የትኛው?

80 ዓመት ያለፈው፣ ልቡ የደከመ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ዕጢ የተገኘበት ሰው በእኔ እምነት ክትትልን ያለ ጸጸት ሊመርጥ ይገባል። የ45 ዓመት ጤነኛ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ካለበት ዕጢውን ብቻ ማስወጣት ይሻለዋል፤ በዚህ ዕድሜ የመጣ ዕጢ የዘር ውርስ ሊኖርበት ስለሚችል የጂን ምርመራም ይጠየቅ። ሳንባው የታመመ የ70 ዓመት ሰው፣ ዕጢው በጀርባ በኩል ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ፣ በመርፌ ማጥፋት ይመቸዋል። አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው ደግሞ «በሙሉ ይውጣ» የሚል ምክር ሲሰማ ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ አንድ ሌላ ሐኪም ይይ፤ መጨረሻው የኩላሊት እጥበት ነውና።

በዘር የሚመጡት ለየብቻ ናቸው። ቮን ሂፕል ሊንዳው የተባለው ሕመም ያለበት ሰው በሁለቱም ኩላሊት በየጊዜው ዕጢ ስለሚያወጣ ብዙውን ጊዜ ትልቁ 3 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይጠበቃል። ፉማሬት ሃይድራቴዝ በሚባለው ጂን ጉድለት የሚመጣው ግን ትንሽ ሳለም የሚዛመት ስለሆነ ክትትል አይመከርም። በቤተሰብዎ ከአንድ በላይ ሰው የኩላሊት ዕጢ ካለበት ይህን ለሐኪምዎ ሳይናገሩ እንዳይወጡ።

የትኛውንም ቢመርጡ ኩላሊቱን መንከባከብ አይቀርም፦ ማጨስ ማቆም፣ የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ምክር አለማዘውተር።

ሌላው ብዙ መመሪያ የሚዘለው የሰውየው ሌሊት ነው። የእህቴ ናሙና ካንሰር መሆኑን፣ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት መሆኑን አሳየ። እኔ ክትትልን ደገፍኩ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ከእኔ ጋር ነበሩ። እሷ ሰማችኝና «አንተ በቁጥሩ ትተኛለህ፣ እኔ ግን ከእሱ ጋር ነው የምተኛው» አለችኝ፣ እጇን በጎኗ ላይ አድርጋ። መልስ አልነበረኝም። ሦስተኛዋ ሐኪም ይህን እንደ ፍርሃት ሳይሆን እንደ ምክንያት ቆጥረው ዕጢውን ብቻ አወጡላት። የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ነበር። በስድስተኛ ወሯ ስትመረመር የማጣራት አቅሟ 52 ሆነ፤ የሚቀጥለው ምስል ቀጠሮዋ ለመጪው ዓመት ተይዟል።